ግሉኮስ ሲሰቀል ደም ስር ላይ በትክክል ምንድነው ሚሆነው? እናቴ አብጣብኝ ነው

ማሂ፦

ሰላም ናችሁ፣ ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ። እናቴ 61 አመቷ ነው። የሳንባ ምች ያዛትና ኢንፌክሽኑ ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት ሲጎዳ) ሆኗል አሉን፣ ሆስፒታል ስንደርስ ፕረሸሯ 80 በ45 ነበር፣ እጇ ትኩስ ነው፣ እኔን ግን ማን እንደሆንኩ እንኳን አላወቀችኝም። ወዲያው ኖርማል ሳላይን ሰቀሉላት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ሰዓታት ውስጥ 2 ሊትር ገባላት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጬ ነው ያደርኩት። 105 ደረሰ፣ ተመስገን አልኩ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደሞ ተመልሶ 86። ሌላ ከረጢት ተሰቀለ፣ ከፍ አለ፣ ወረደ። በመጨረሻ ኖርአድሬናሊን ሚባል መድሃኒት በማሽን ጀመሩላትና ፕረሸሯን ያቆመላት እሱ ነው።

አሁን ድናለች፣ ከወጣች አምስት ቀን ሆናት። ግን በሶስተኛው ቀን እንዴት እንዳበጠች ብታዩ! የአይኗ ቆብ አልገለጥ አለ፣ ቀለበቷ በሳሙና እምቢ ብሎ በክር ጠምጥመው ነው ያወጡት፣ ቅልጥሟን በጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ እዛው ይቀራል። አሁንም ማታ ማታ የካልሲዋ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ምልክት ይተዋል። የግራ ክንዷ ላይ ደሞ ካኑላው (ፈሳሽ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) የነበረበት ደም ስር ቀልቶ እንደ ገመድ ጠጥሯል።

ማንንም ለመውቀስ አደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጡላት በአይኔ አይቻለሁ። ግን መረዳት እፈልጋለሁ። ያ ሁሉ ፈሳሽ ደም ስሯ ውስጥ ገብቶ ለምንድነው ፕረሸሯ ያልቆመው? ውሃው የት ሄደ? ፈሳሹ ራሱ ደም ስሯን ጎድቷት ይሆን? አክስቴ ግሉኮስ በዝቶባት ነው ብላ ድርቅ ብላለች። በተጨማሪ አንዱ ዶክተር ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ ቢሆን ይሻል ነበር ሲል ሰምቻለሁና ልዩነቱ ምንድነው?

የሌሊት ተረኛ፦

እንኳን እናትሽን እግዜር ማረልሽ እህቴ። እኔ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ያልሽው ነገር በየተረኝነቱ ማየው ነው፣ ስለዚ ካልጋው አጠገብ ያለውን ልንገርሽ፣ ጥልቁን ሌሎች ይጨምሩበት።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሁላችንም ግሉኮስ ተሰቀለለት እንላለን ግን እናትሽ የወሰዱት የጨው ውሃ ነው፣ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ስኳር የለውም። እውነተኛው 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ለፕረሸር አይሰጥም፣ ምክንያቱም ስኳሩን ሰውነት ሲጠቀምበት የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፣ ባዶ ውሃ ደሞ በመላው ሰውነት ሴል ውስጥ ሳይቀር ይበተናል፣ ከ1 ሊትሩ ደም ስር ውስጥ የሚቆየው በግምት አንድ አስራ ሁለተኛው ነው። የጨው ውሃ ይሻላል፣ ሴል ውስጥ ብዙም ስለማይገባ ሩብ ያህሉ ይቀራል። ልብ በይ ሩብ ነው! እሱም ጤነኛ ደም ስር ላይ ነው። እናትሽ ከወሰዱት 2 ሊትር ትንሽ ቆይቶ ደማቸው ውስጥ የነበረው ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው፣ ሴፕሲስ ላይ ደሞ ከዛም ሊያንስ ይችላል። የቀረው የት ሄደ ካልሽ አይናቸው ቆብ ላይና ቀለበቱ ስር አይተሽዋል።

ስለ ክንዳቸው። ያ ፍሌባይተስ ይባላል፣ የደም ስሩ ግድግዳ መቆጣት ነው። ካኑላ ራሱ የውስጡን ግድግዳ ይፍቀዋል በተለይ ክርን አካባቢ ክንድ በታጠፈ ቁጥር፣ ብዙ ቀን ሲቆይ ይብሳል። ሌላው የሚገባው ነገር ነው። የደማችን ኦስሞላሪቲ፣ ማለትም ውስጡ የሟሟው ነገር ብዛት፣ 290 አካባቢ ነው፣ የጨው ውሃው 308 ነው፣ ተቀራራቢ ስለሆነ እሱ ብቻውን ብዙም አያቃጥልም። ግን ከ900 በላይ የሆነ ነገር በእጅ ደም ስር እንዲገባ አይመከርም፣ 40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ ለምሳሌ 2,200 ያልፋል፣ ድንገተኛ ነገር ሲሆን እንሰጠዋለን ግን በትልቅ ደም ስር በቀስታ ነው። ፖታሲየም የተጨመረበት ከረጢትም ያቃጥላል፣ በሽተኛው ያቃጥለኛል ካለ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፣ ደም ስሩ እየተናገረ ነው። ብዙ ጊዜ ሙቅ ጨርቅ ሲደረግበትና እጅ ከፍ ሲል ይሻለዋል፣ ገመድ የመሰለው ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቅላቱ ወደ ላይ እየሄደ ከመጣ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ፣ ወይም ክንዱ በሙሉ ካበጠ ግን ቤት አትቀመጡ።

መምህር ዘ ፊዚዮሎጂ፦

ማሂ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በተለይ "ፈሳሹ ራሱ ደም ስሯን ጎድቷት ይሆን" ያልሽው። ይሄን ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል ግን አይጠይቁም፣ ብዙ ሰው ደም ስርን እንደ ቧንቧ ነው የሚያስበው፣ ውሃ ጎደለ፣ ውሃ ጨመርን፣ ሞላ። ደም ስር ቧንቧ አደለም። ህይወት ያለው አካል ነው፣ ይሰማዋል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ይቆጣል፣ የሚገባበትን ፈሳሽም ያውቀዋል።

በጣም ቀጭኑን ደም ስር አስቢው፣ ግድግዳው አንድ ሴል ብቻ ነው ውፍረቱ። ከነዛ ሴሎች ላይ ወደ ውስጥ፣ ደሙ ወዳለበት በኩል፣ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሰሩ ስስ ክሮች እንደ ጸጉር ተነስተው ቆመዋል፣ ግላይኮካሊክስ ይባላል። ውፍረቱ በማይክሮሜትር ነው የሚለካው፣ ቀይ የደም ሴል ወርዱ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር መሆኑን ካሰብሽ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባሻል። ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲዘጋጅ ስለሚጠፋ ለረጅም አመታት ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ስራው ግን ብዙ ነው፣ አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ይዞ ያስቀራል፣ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ያጣራል፣ ደም ግድግዳው ላይ እንዳይረጋ ይከላከላል፣ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ቦታቸው እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ሌላም አለው፣ ደሙ ሲፈስ የሚፈጥረውን ፍትጊያ ይሰማና ለሴሉ ይነግረዋል፣ ሴሉም ናይትሪክ ኦክሳይድ ሚባል ጋዝ ይለቅና ደም ስሩ ይላላል።

ሴፕሲስ መጀመሪያ የሚያጠቃው እዚህ ጋ ነው። እብጠት ፈጣሪ ኬሚካሎችና ኢንዛይሞች ያንን ሽፋን ይላጩታል፣ ሲንዴካን እና ሂያሉሮናን ሚባሉት ስብርባሪዎቹ ደም ውስጥ ሲንሳፈፉ በላቦራቶሪ ይለካሉ። በዛው ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይመረትና ደም ስሮች በሙሉ ልል ይላሉ፣ እናትሽ ፕረሸራቸው ወርዶ እጃቸው ግን ትኩስ የነበረው ለዛ ነው። ስለዚ ያኔ ሁለት ችግር አንድ ላይ አለ፣ ዕቃው ሰፍቷል፣ ዕቃው ያፈሳል። ይሄ ዕቃ ውስጥ ውሃ ብትጨምሪ ለትንሽ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ልብ ብዙ ደም ሲመጣላት አጠንክራ ትገፋለች፣ ከዛ ውሃው ያመልጣል። ሞኒተሩ ላይ ያየሽው መውጣትና መውረድ ይሄ ነው፣ ትርጉሙ ሰራተኞቹ ተሳስተዋል ማለት አደለም። ኖርአድሬናሊን ያቆመላቸው ደሞ ውሃ ስላልሆነ ነው፣ የደም ስሩን ጡንቻ ራሱን እንዲጨብጥ ያዘዋል። ከደማችን ወደ 70 ፐርሰንት የሚጠጋው ያለው ደም መላሾቹ ውስጥ ነው፣ እነሱ ጠበብ ሲሉ እዛ ተኝቶ የነበረው ደም ወደ ልብ ይመለሳል። የራሳቸውን ደም ለራሳቸው መልሶ እንደመስጠት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። አዎ፣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ ደም ስሩን ራሱን ሊነካው ይችላል። ሶስት መንገድ ልንገርሽ፣ በደንብ ከታወቁት። አንደኛ ልብ በድንገት ስትለጠጥ ኤኤንፒ ሚባል ሆርሞን ትለቃለች፣ ትርፍ ውሃና ጨው በሽንት እንዲወጣ ነው አላማዋ፣ ግን ይሄው ሆርሞን ያንን የግላይኮካሊክስ ሽፋን እንዲላጥ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ማለትም ለሚያፈስ ዕቃ የጨመርነው ውሃ ቀዳዳውን ሊያሰፋው ይችላል። ሁለተኛ ደሙ ይቀጥናል፣ ቀይ ሴሉም አልቡሚኑም ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገርም ይበረዛል፣ ውፍረቱ ሲቀንስ ደም ስሩ ላይ ያለው ፍትጊያና ተቃውሞ ይቀየራል፣ አንዳንዴ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላ ልብ የምትረጨው ደም ጨምሮም ፕረሸሩ ንቅንቅ የማይለው ደም ስሩ ይበልጥ ስለላላ ነው። ሶስተኛ ያመለጠው ውሃ ሲጠራቀም የአካል ክፍሎችን ያፍናቸዋል፣ ኩላሊት ለምሳሌ ማይለጠጥ ከረጢት ውስጥ ነው ያለችው፣ ስታብጥ በውስጧ ያሉት ደም ስሮች ይጨፈለቃሉ። ሳንባ ላይ ሲሆን ኦክስጅን ይወርዳል።

በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው ምጠራው) የወጣ በበጎች ላይ የተሰራ ጥናት ነበር። ሴፕሲስ መሰል ሾክ ከተፈጠረባቸው በጎች ግማሾቹ መጀመሪያ ብዙ የጨው ውሃ ወሰዱና ከዛ ፕረሸር አስጠባቂ መድሃኒት፣ ሌሎቹ ውሃውን ሳይወስዱ በቀጥታ መድሃኒቱን። ውሃ የወሰዱት ፕረሸራቸውን ለማቆም ያስፈለጋቸው ኖርአድሬናሊን ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። በግ ሰው አደለም፣ ግን ያንን ሳነብ በተማሪነቴ የተማርኩትን እንደገና እንዳስብ አድርጎኛል።

ማሂ፦

መምህር በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ሲያስረዱ እንደፊልም ነው የታየኝ። ግን አሁን ፈራሁ። እንደዚ ከሆነ መጀመሪያውኑ ባይሰቀልላት ይሻል ነበር ማለት ነው? ሌላ ከረጢት ጨምሩላት ብዬ የለመንኩት እኮ እኔው ነኝ።

መምህር ዘ ፊዚዮሎጂ፦

አይ ማሂ፣ እንደዛ አታስቢ። 80 በ45 ሆኖ ራሳቸውን የሳቱ ሰው ያለ ፈሳሽ አይተዉም። በ2021 የወጣው አለም አቀፉ የሴፕሲስ መመሪያ ራሱ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ለአንድ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 30 ሚሊ እንዲሰጥ ሀሳብ ያቀርባል፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 1.8 ሊትር መሆኑ ነው፣ የእናትሽ 2 ሊትር እዛው አካባቢ ነው። ትኩሳትና ላብ አለ፣ ምግብ ካቆሙ ቀናት ሆኗል፣ ደም ስሩ ሰፍቷል፣ መጀመሪያ መሙላት ያስፈልጋል። ጥያቄው ያለው ከዛ በኋላ ነው፣ ሶስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ከረጢት ላይ። እሱን ሚወስነው የቤተሰብ ልመና አደለም፣ አንቺ ማንም ልጅ የሚያደርገውን ነው ያደረግሽው።

ቀላል ዘዴ አለ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማየት። በሽተኛው ጋደም ብሎ እግሩ 45 ዲግሪ ሲነሳ ከእግሩ ወደ 300 ሚሊ ገደማ የራሱ ደም ወደ ልቡ ይወርዳል፣ ልብ በዛ ጊዜ የምትረጨው ደም ከጨመረ ፈሳሽ ሊጠቅም ይችላል፣ ካልጨመረ ውሃው ከደም ስር ውጭ ያለው ስጋ (ቲሹ) ውስጥ ነው ሚገባው። እግር ሲወርድ ደሙ ይመለሳል፣ አንድ ጠብታ እንኳን አልተሰጠም።

የፈሳሽ ጉዳይ እንዴት ከባድ እንደሆነ ሚያሳየው ፊስት ሚባለው ጥናት ነው። በ2011 ታተመ፣ ኡጋንዳ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ 3,141 ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር ችግር ያለባቸው ህጻናት ላይ ነው የተሰራው። በፍጥነት ፈሳሽ የተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10 ወይም 11 ያህሉ ሞቱ፣ ያልተሰጣቸው ደሞ ከመቶ 7። ሁሉም ሰው ተቃራኒውን ነበር የጠበቀው። በሌላ በኩል በ2022 እና በ2023 አይሲዩና ድንገተኛ ክፍል ባሉ አዋቂዎች ላይ በተሰሩ ትላልቅ ጥናቶች ቆጠብ አድርጎ መስጠትና ለቀቅ አድርጎ መስጠት በሞት ረገድ ጎላ ያለ ልዩነት አላመጡም። ስለዚ "ፈሳሽ ገዳይ ነው" ብሎ መደምደምም ልክ አደለም። መድሃኒት ነው፣ መጠን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ማን እንደሚወስደውም ይለያል።

አቤል አ፦

ይቅርታ መሀል ገባሁ ግን አንድ ነገር ካልተባለ ልክ አይሆንም። እኔ ኮሌራ ይዞኝ ያውቃል፣ በአንድ ሌሊት አይኔ ሰርጉዶ፣ የጣቶቼ ቆዳ ተጨማዶ፣ ድምጼ ጠፍቶ ነበር የወሰዱኝ፣ ሪንገር በሁለት እጄ ሰቀሉልኝና ጠዋት ላይ ቁጭ ብዬ አወራሁ። ሙት ነበርኩ እኮ! እንደዚ አይነት ጽሁፍ ሰው አንብቦ ፈሳሽ አልወስድም እንዳይል እፈራለሁ።

መምህር ዘ ፊዚዮሎጂ፦

አቤል ትክክል ነህ፣ እንኳንም ተናገርከው። ልዩነቱን አስተውለው ግን፣ ያንተ ደም ስሮች ደህና ነበሩ፣ ውሃው የሄደው በአንጀትህ ነው። ሽፋኑ አልተላጠም፣ ግድግዳው አላፈሰሰም፣ ስለዚ ከተሰጠህ ውሃ ደም ስር ውስጥ መቆየት ያለበት ቆየልህ። ኮሌራ ላይ ፈሳሽ ማዘግየት ነው ሚገድለው። እንደውም ይሄ ህክምና የተጀመረው በኮሌራ ነው፣ በ1832 ስኮትላንድ ሌይት ሚባል ቦታ ቶማስ ላታ የሚባል ሀኪም ለአንዲት በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች አሮጊት ጨዋማ ውሃ በደም ስሯ ሰጣት፣ የጠፋው የልብ ምቷ ተመለሰ፣ ፊቷ ወዛ፣ ድኛለሁ አለች። እሱም ደክሞት ለሌላ ሀኪም ትቷት ሄደ፣ ተቅማጡ ተመለሰባት፣ ፈሳሹን ግን ማንም አልቀጠለላትም፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። እሷ ላይ የጎደለው ውሃ ነበር።

ደም በመፍሰስ ላይ ደሞ ሌላ ነው። ከቁስል ደም እየፈሰሰ ያለ ሰው የጨው ውሃ ሲሞላ ፕረሸሩ ከፍ ብሎ የረጋውን ደም ይገፋዋል፣ ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገርም ይበረዛል፣ ስለዚ ዛሬ ቶሎ ደምና ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) መስጠት ነው ሚመረጠው። ፕላዝማ የተላጠውን ግላይኮካሊክስ ከሪንገር በተሻለ እንደሚመልሰው በእንስሳት ላይ ታይቷል።

ሳሚ ፋርማሲ፦

የሪንገሩን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ማሂ ያ ዶክተር ያለው መሰረት አለው። "ኖርማል" ሳላይን ስሙ ነው እንጂ ከደም ጋር ሲተያይ ኖርማል አደለም። ጨው የተሰራባቸው ሁለቱ፣ ሶዲየሙ 154 ክሎራይዱም 154 ሚሊሞል በሊትር ነው፣ ደማችን ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን 100 አካባቢ ነው። ብዙ ሊትር ሲገባ ክሎራይዱ ይከማችና ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከደም ስር ጋር ያለው ግንኙነት ኩላሊት ላይ ነው የሚታየው፣ ኩላሊት ውስጥ ክሎራይድ ሚቆጥር ቦታ አለ፣ ብዙ ሲደርሰው ወደ ማጣሪያው ደም ሚያስገባውን ትንሽ ደም ስር አጥብብ ብሎ ያዛል። በፈረንጆቹ 2012 የታተመ ጥናት ላይ ጤነኛ ወንዶች በአንድ ሰዓት 2 ሊትር ሳላይን ሲወስዱ ወደ ኩላሊታቸው የሚሄደው ደም ሲቀንስ በኤምአርአይ ታይቷል፣ እነዛው ሰዎች በሌላ ቀን ክሎራይዱ ከደም ጋር ሚቀራረብ ፈሳሽ ሲወስዱ ግን አልቀነሰም።

ሪንገር ላክቴት ሶዲየም 130፣ ክሎራይድ 109፣ ትንሽ ፖታሲየምና ካልሲየም፣ 28 ላክቴት አለው። ላክቴቱን በዋናነት ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ይቀይረዋልና አሲዱን ያለዝበዋል። "ላክቴት ስላለው ሴፕሲስ ላይ አይሰጥም" ሚል ነገር ብዙ ቦታ እሰማለሁ፣ ያ ላክቴት አሲድ አደለም፣ ከሱ ጋር ያለው ሶዲየም ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ሰው ላይ ይታያል ወይ? በ2018 የታተመው ስማርት ሚባለው ጥናት 15,802 አይሲዩ በሽተኞች ነበሩት፣ ሞት፣ ዲያሊሲስ (ደም በማሽን ማጣራት) ወይም ያልተመለሰ የኩላሊት ጉዳት ተደምሮ ሲታይ ሳላይን ከወሰዱት 15.4 ፐርሰንት፣ ሪንገርና መሰሎቹን ከወሰዱት 14.3 ፐርሰንት ላይ ደርሷል። በ2022 የወጣው ፕላስ ሚባለው ከ5,000 በላይ ሰው ይዞ በ90 ቀን ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚ ልዩነት አለ ከተባለ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሊትር ለሚወስድ ሰው ግን እኔ ሪንገርን እመርጣለሁ፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ካልሆነ በስተቀር፣ እዛ ላይ ሳላይን ይሻላል። እናትሽ ሳላይን ስለወሰዱ ተበድለዋል ብዬ ግን አልልሽም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው "ወፍራም ፈሳሽ ቢሰጥ ደም ስር ውስጥ አይቆይም ነበር?" ይላል። ስታርች ያለባቸው ፈሳሾች በዚ ሀሳብ ነው ለአመታት የተሰጡት። በ2012 ትላልቅ ጥናቶች ሲወጡ ሴፕሲስ ላይ ኩላሊት ሚጎዱ ሆነው ተገኙ፣ በ2022 አውሮፓ ህብረት ውስጥ ፈቃዳቸው ታገደ። አልቡሚንም በ2004 ወደ 7,000 ሰው በነበረበት ጥናት ከሳላይን ጋር ሲወዳደር ሞት አልቀነሰም። ለምን እንዳልቆዩ መምህር ቢሉን።

መምህር ዘ ፊዚዮሎጂ፦

ሳሚ ያሰብነው ህግ ጎደሎ ስለነበር ነው። ስታርሊንግ በ1896 ያስቀመጠው ሀሳብ ውሃ በካፒላሪው (በጣም ቀጭኑ ደም ስር) መጀመሪያ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ፕሮቲኑ ስቦ ይመልሰዋል ተብሎ ነበር ለትምህርት የቀረበው። ዛሬ እንደሚታወቀው በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የወጣው ውሃ በዛው መንገድ ተመልሶ አይገባም፣ የሚመለሰው በሊምፍ ቱቦዎች (ከቲሹ ትርፍ ውሃ ሰብስበው ወደ ደም በሚመልሱት) ነው፣ ቀስ እያለ። የፕሮቲኑ ስበት ልዩነት ሚፈጠረውም በደሙና በቲሹው መሀል ሳይሆን በዛ ስስ ሽፋን ስር ነው። ሽፋኑ ከተላጠ ስበቱም አብሮ ይሄዳል፣ አልቡሚን ብትጨምር እሱም ራሱ ያመልጣል። አልቡሚን እብጠት ስቦ ያወጣል ሚለው ተስፋ በዚ ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ ማይሰራው።

ማሂ የእናትሽ ቁርጭምጭሚት እብጠት እስካሁን ለምን እንዳልጎደለ መልሱ እዚሁ አለ። ውሃው በአንድ ሌሊት ነው የወጣው፣ መመለሻው ግን ሊምፍ ነው፣ ሊምፍ ደሞ በራሱ መኮማተርና በጡንቻ እንቅስቃሴ ነው ሚገፋው። ለቀናት የተኛ ሰው ላይ ዝግ ይላል። በረንዳ ድረስም ቢሆን ይራመዱ፣ ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ።

ማሂ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለአክስቴ ነገርኳት፣ መጀመሪያ አላመነችም፣ ከዛ የጨው ከረጢቱን ፎቶ ሳሳያት ግሉኮስ አደለም ለካ አለች። አሁን የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። ጎረቤታችን ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድሃኒት) አላት፣ ለእብጠቱ ግማሽ ፍሬ ልስጣት ብላኛለች። እና ድካሟን ቶሎ እንዲያወጣላት አንድ ሁለት ግሉኮስ በቫይታሚን ይሰቀልላት ሚሉኝ ዘመዶች አሉ።

የሌሊት ተረኛ፦

ሁለቱንም እንቢ በይ እህቴ። ላሲክስ ያለ ሀኪም አትስጫቸው፣ የሚያወጣው መጀመሪያ ከደም ስር ውስጥ ያለውን ውሃ ነው፣ ፕረሸራቸው ገና እየቆመ ያለ ሰው ላይ ከወረደ ኩላሊታቸው ደም ሊያጣ ይችላል፣ ፖታሲየማቸውም ይወርዳል። ሽንታቸው ደህና ከሆነ ሰውነታቸው ራሱ እያወጣው ነው። ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ በአንድ አይነት ልብስ መዝኚያቸው፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ ጥሩ ነው። ከጨመረ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ ወዲያው ውሰጃቸው፣ አንድ እግር ሲሆን ደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ላይ ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይታይላቸው ብለሽ ጠይቂ።

ድሪፑንም ተይው። አፋቸው ይጠጣል ይበላል፣ እብጠታቸው ገና አልወጣም፣ ደም ስራቸውም ገና እየዳነ ነው፣ ያ ሽፋን ተመልሶ ለመብቀል ቀናት ይፈልጋል። አሁን ሌላ ፈሳሽ ደም ስር ውስጥ ማስገባት ምንም ሚያመጣላቸው የለም፣ ሌላ ካኑላ ደሞ ሌላ ደም ስር ያስወጣቸዋል። ባጋጣሚ ካኑላ ካስፈለጋቸው በግራ ክንዳቸው አታስወጊ፣ ነርሷን ቀኙን ተጠቀሚ በያት፣ ከክርናቸው መታጠፊያ ዝቅ ብሎ የክንዳቸው ፊት ለፊት ላይ ይሁን።

ማሂ፦

እሺ። ጠዋት መዘንኳት፣ ከትናንት 700 ግራም ቀንሳለች። ቀለበቷን ሞከርኩላት ትንሹ ጣቷ ላይ ገባ፣ የራሱ ጣት ላይ ገና ነው።

የሌሊት ተረኛ፦

ደስ ይላል፣ እዛው ትንሹ ላይ ይቆይ እስከዛ። አስገድደሽ እንዳትከቺው።